ለአማቴ የመረጥኩላቸው ሽጉጥ

ጥርጣሬ እንደ ሙያ የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ደርግ ከመጣ በኋላ ግን እንደ መመሪያ ይዘን የኖርነው ሁላችንም ነን። የሚስቅ ሰው ካየን በማን ላይ ነው የሚስቀው እንላለን፤ የማይስቅ ካየን ደግሞ ምን ቢያስከፋው ነው እንላለን። ስብሰባ ላይ ቀድሞ ያጨበጨበ ይጠረጠራል፤ ዘግይቶ ያጨበጨበውማ አይነሳ። እኔ በበኩሌ ከሰው እኩል ለማጨብጨብ ስል የጎረቤቴን እጅ እያየሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። እናንተም በዚያ ዘመን ከነበራችሁ አትፈርዱብኝም። ካልነበራችሁ ፍረዱ፤ ግድ የለኝም።

ይህ ሁሉ ጥርጣሬ በነገሠበት ጊዜ እኛ አገር አንድ የማይጠረጠር ነገር ነበር፤ ጠመንጃ። እኛ አገር ስል ጎጃም ማለቴ ነው። ምንሽሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ማንኩሳ ገበያ የሚወርድ ገበሬ፣ ቁጥሩ እስከተመዘገበለት ድረስ፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እንዲያውም ባዶ ትከሻውን የሚሄደው ነው «ምን አግኝቶት ይሆን?» የሚባለው። ረጅም ጠመንጃ የያዘ ሰው ሐሳቡም እንደ ጠመንጃው ከሩቅ ይታያል ብለን እናምናለን። ትንሽ ሽጉጥ ግን ሌላ ናት። ጋቢ ሥር ትገባለች፣ ኮት ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ስትተኮስም እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብላ ዝም ነው። ትልቁ እያለ ትንሿን የመረጠ ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው።

እንግዲህ አማቴ ትንሿን ያማራቸው ዕለት ምን እንደተሰማኝ ገምቱት።

አማቴ አያ ደምሴ ይባላሉ፤ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እኔ ደግሞ ያኔ ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ የማስተምር፣ ልጃቸውን ውባለምን አግብቼ በቀበሌ ቤት የምኖር ደመወዝተኛ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ በቅሏቸውን ደጅ አስረው ገቡና የቀረበላቸውን ጠላ እንኳ ሳይቀምሱ ነገራቸውን ጀመሩ።

«ሽጉጥ ልገዛ ነው» አሉ። «ያችን ትንሿን፣ ስድስት ጎራሿን። ጥይቷ የሽምብራ ፍሬ የምታክለዋን።»

«ምን ሊያደርጉባት ነው አባባ?»

«ለጨዋታ ነዋ። ከጥሩነህ ጋር ዒላማ ልንገጥም።»

እሳቸው ያልቀመሱት ጠላ እኔን ትን አለኝ። አያ ጥሩነህ ማን እንደሆኑ ብነግራችሁ እናንተንም ትን ይላችኋል። አያ ጥሩነህ የአማቴ ጎረቤት፣ የአማቴ እኩያ፣ የአማቴ ባላንጣ ናቸው። ሁለቱ በአንዲት የድንበር ዋንዛ ምክንያት ሃያ ዓመት ተካሰዋል፤ ከአጥቢያ ዳኛ እስከ ጠቅላይ ግዛቱ ፍርድ ቤት ድረስ ያልረገጡት ደጃፍ የለም። በመጨረሻ መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀና ክርክሩ ባለቤት አጣ። ዋንዛዋም የሰፊው ሕዝብ ሆነች። መሬታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ወሬ ብዙ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የእነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ግን የተወሰደባቸው ጠባቸው ነው። ጭራሽ አያ ጥሩነህ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ፤ አማቴም ሃያ ዓመት የከሰሱት ሰው በሚመራው ስብሰባ ላይ እጅ የሚያወጡ ተራ አባል ሆነው ቁጭ አሉ።

የቀራቸው ዒላማ ብቻ ነበር። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ በየሠርጉና በየፋሲካው ማግሥት ይገጥሙ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ ማዶ የወይራ ጉማጅ ይቆማል፣ ሦስት ሦስት ጥይት ይተኮሳል፣ ጉማጁን መትቶ የጣለ ይረታል። ያልወደቀ አይቆጠርም። ከሁለቱ ማን ብዙ ጊዜ እንደረታ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አገሬውም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይከራከርበታል።

ምንሽር ለጨዋታ መተኮስ ግን በዚያ ዘመን ቀርቶ ነበር። የጠመንጃ ጥይት ለእናት አገር ነው ተባለና አንዲት ፍሬ ብትጎድል የት ገባች ተብሎ ይጠየቅባታል። አማቴ ደግሞ ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ተሰብሯል፤ ወጌሻ አሽቶ ቢያቃናውም የሰደፍ ርግጫ አይችልም። ምንሽራቸውን ለማኅበሩ ሚሊሺያ ካስረከቡ ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ ትከሻ የማትረግጥ፣ ጥይቷንም የትኛውም ጦር የማይፈልጋት ሽጉጥ አሰቡ። አስቡበት እንጂ፣ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ከየት ይመጣል? እኔ ግን ያኔ አላሰብኩበትም። ጠረጠርኩ እንጂ።

«ዓይኔ ሳይፈዝ አንዴ ልገጥመው ነው» አሉ አማቴ። «ሌላ አምሮት የለኝም። ዋስህ የመንግሥት ደመወዝተኛ ይሁን ብለውኛል። አንተ ትፈርምልኛለህ፤ ሻጩ ቡሬ ነው፣ አብረን ሄደን ብረቷ ላይ ያለውንም ፊደል ታነብልኛለህ።»

የዚያን ዘመን ዋስ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ድሮ ዋስ ማለት ሰው ሲጠፋ ፈልጎ የሚያመጣ ነበር። ያኔ ግን ዋስ ማለት ሰው ሲታሰር ተከትሎ የሚገባ ነው። አማቴ ሊቀመንበሩን ቢገድሉ የሚጠየቁት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ሽጉጧን ቡሬ ድረስ ሄዶ አስመርጦ፣ ፈርሞ ያስገዛቸው አማቻቸውም አለ። አብዮቱን በትንሽ ሽጉጥ የወጋ የእንግሊዝኛ መምህር! የጋዜጣውን ርዕስ ሳይቀር አየሁት።

ማታ ለውባለም ጥርጣሬዬን ነገርኳት።

«አባቴ ዋሽቶ አያውቅም» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ልጃቸው ናት፣ ሌላ ምን ትላለች ብዬ እሷንም ጠረጠርኩ።

ሰኞ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ፈቃድ የሚሰጠው ካድሬ ቅጹን እየሞላ «መሣሪያው ለምን አገልግሎት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ለንብረት ጥበቃ» ይበሉ ብዬ አማቴን በክርኔ ጎሰም አደረግኋቸው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

«ምን ንብረት አለኝና?» አሉ ጮክ ብለው። «ለጨዋታ ነው። እንዲያ ብለህ ጻፍ ልጄ፣ ለጨዋታ።»

ካድሬው ብዕሩን አስቀመጠ። አማቴን አየ፣ እኔን አየ። አብዮታችን እንዲህ ባለ ወሳኝ ወቅት ላይ እያለ በጥይት የሚጫወት ማን ነው? የሚል ዓይኑ ላይ ይነበባል። አማቴ ግን ከብብታቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ የጻፉት ራሳቸው ሊቀመንበር ጥሩነህ ናቸው። ካድሬው ማኅተሙን አይቶ ረካ። እኔ ግን የባሰ ጠረጠርኩ። ሟች በገዛ እጁ ማኅተም አድርጎ ሲልክ ምን ይባላል? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። የሆነው ሆኖ ከፊት ለፊቴ ቅጹ መጣ፣ አማቴ አዩኝ፣ ፈረምኩ። ለአማት አልፈርምም የሚል አማች ጎጃም ውስጥ ዳግም እህል ውሃ የሚያቀምሰው ቤት አያገኝም።

በርበሬ በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥለን እያስነጠስን ቡሬ ገባን። ሽጉጥ የሚሸጡት ሰው አቶ ካሴ ይባላሉ። የአንድ መንገድ ሠሪ ፈረንጅ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ፤ ፈረንጁ አገር ለቆ ሲሄድ እሑድ እሑድ ጣሳ እያቆመ የሚተኩስባቸውን ሁለት ሽጉጦች ትቶላቸው ሄደ። አቶ ካሴም በወጉ አስመዘገቧቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጡ። ሁለት ሽጉጥ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይጠረጠራላ። እኔን ሲያዩኝ፣ ንጹሕ ሸሚዝና ደረት ኪስ ላይ የተሰካ ብዕር አዩና፣ ደኅንነት ነው ብለው እንደደመደሙ ፊታቸው ላይ አነበብኩ። ወንበሬን በእጃቸው መዳፍ ጠረጉልኝ።

ሁለቱን ሽጉጦች ጆንያ ላይ አነጠፏቸው። ሁለቱም ስድስት ጎራሽ፣ የሁለቱም ጥይት ቀጭኑ፣ ሃያ ሁለት ቁጥር የሚባለው ነው። አንዷ አጠር ትላለች፣ ጥይቷም አጭር ነው። የሌላዋ አፈሙዝ ረዘም ይላል፤ ጥይቷ በውፍረቱ ሳይሆን በቁመቱ ይበልጣል፤ በባሩድ የተሞላ ነው። ብረቷ ላይ «ማግነም» የሚል ተቀርጿል።

አማቴ መጀመሪያ አጭሯን አነሱ፣ መዘኑ፣ አስቀመጡ። ከዚያ ረጅሟን አነሱ። እጃቸው ውስጥ ስትገባ ፊታቸው ተለወጠ። ክንዳቸውን ዘረጉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በመስኮት በኩል የማዶውን ግድግዳ አነጣጠሩ። የተሰበረው ትከሻ ቅር አላለውም።

«ይችስ እጄን ታውቀዋለች» አሉ በለሆሳስ። «ልጄ፣ ፊደሉ ምን ይላል?»

እዚህ ላይ እንግዲህ ቆም ብዬ እውነቱን ልንገራችሁ። ማግነም የሚለው ቃል ጉልበት ያላት፣ ባሩዷ የበዛ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ለዒላማ የምትሻለው እሷ እንደሆነች አንባቢ ለሆነ ሰው ሁሉ ግልጽ ነው። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የታየኝ ጉማጅ አይደለም፤ የአያ ጥሩነህ ደረት ነው። መቼም መግዛታቸው ካልቀረ ደካማዋን ይግዙ፤ እሷ ሰው ብትመታም አትገድልም አልኩ በልቤ። ኋላ ላይ አዳኞች እንደነገሩኝ ይህም ስሕተት ነው፤ እሷም ትገድላለች። ባለማወቄ ተጽናንቼ ነበር።

«ይቺኛዋ አትሆንም አባባ» አልኩ። «ብዙ ጊዜ ብትተኮስ ትፈነዳለች ነው የሚለው።»

አቶ ካሴ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። በዚያ ዘመን ብዕር ከሰካ ሰው ጋር አይከራከሩም ነበር።

አማቴ ረጅሟን ቀስ ብለው ጆንያው ላይ መለሷት። እጃቸው ቶሎ አልለቀቃትም። «የተጻፈ ነገር አይዋሽም» አሉና አጭሯን በመሐረብ ጠቀለሉ። በመመለሻችን ላይ በርበሬው ዓይኔን አቃጠለው፤ እንባዬንም በእሱ አሳበብኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሥቃይ ነበሩ። በየእሑዱ ማንኩሳ እየወረድኩ አማቴን እጠይቃለሁ፤ አማት መጠየቅ ደግ ነገር ነው፤ እኔ ግን የምጠይቀው ሊቀመንበሩ በሕይወት መኖራቸውን ነበር። አንድ ቀን ከጓሮ ቅል በሃያ እርምጃ ላይ ደርድረው እየተኮሱ አገኘኋቸው። አራት ጥይት፣ አራት ቅል። ሲያዩኝ እንደ ሕፃን ሳቁ። «አየህ? ዓይኔ አለ» አሉኝ። ደስታቸው የባሰ አስፈራኝ። ደስ ያለው ገዳይ ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ፤ ጠርጣሪ ሰው ለሁሉም መልስ አለው።

የአብዮት በዓል ደረሰ። ሊቀመንበሩ በበዓሉ ዝግጅት ላይ ከመፈክሩና ከንግግሩ ቀጥሎ «ስፖርት» የሚል አስገብተዋል። ገመድ ጉተታ መስሎን ነበር። ለካ ስፖርት የተባለው ዒላማው ነው። ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በታች ያለው መስክ በሰው ተሞላ፤ ያ ፈቃድ የሰጠው ካድሬ ከአውራጃ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ማዶ፣ ስድሳ እርምጃ ላይ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የወይራ ጉማጅ ቆመ።

መጀመሪያ የወጡት አማቴ ናቸው። ሽጉጧን ከመሐረቧ ፈቷት፣ ጥይት አጎረሷት። አያ ጥሩነህ ከጎናቸው፣ ሁለት እርምጃ ላይ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። አማቴ ክንዳቸውን ማንሳት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ጉማጁን ትቼ የማየው ያችን ሁለት እርምጃ ነው። ክንዳቸው ሲነሳ በሊቀመንበሩ በኩል ያለፈ መሰለኝ፤ አላስቻለኝም፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

«አባባ!»

አገሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አማቴም ዞር አሉ። «ምነው ልጄ?»

«ይበርቱ... ልል ነው።»

ሰው ሳቀ። ካድሬው አጨበጨበ፤ ካድሬው ካጨበጨበ ብለን ሁላችንም አጨበጨብን።

አማቴ ፊታቸውን መልሰው ተኮሱ። ማዶ ላይ እንጨቱ ጧ ሲል ተሰማ። ተነቃነቀ። ቆመ። ሁለተኛዋን ተኮሱ፤ ጧ አለ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ። ሦስተኛዋን ረጅም ጊዜ አነጣጠሩ። እንጨቱ ወደ ኋላ ጎበጥ ብሎ መልሶ ቀጥ አለ፤ ሕዝቡም አብሮት ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። ሦስት ጥይት፣ ሦስት ምት። የወደቀ ግን የለም።

አማቴ ሽጉጧን ገልበጥ አድርገው አዩዋት።

አያ ጥሩነህ ተራቸው ደርሶ ከኮታቸው ሥር ሽጉጥ አወጡ። አፈሙዙን ሳየው አወቅኋት። ረጅሟ ናት፤ ያች ቡሬ የተውናት፣ የአማቴን እጅ የምታውቀዋ። የመጀመሪያዋን ሳቱ። ሁለተኛዋንም ሳቱ፤ አቧራው ከጉማጁ ክንድ ሙሉ ርቆ ተነሳ። ሦስተኛዋ የጉማጁን ጠርዝ አገኘች፣ ጉማጁም ተገለበጠ።

እልልታው ቀለጠ። ካድሬው ስለ ስፖርትና ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤንነት ንግግር ማድረግ ጀመረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን አልሰሙትም፤ ጎን ለጎን ወደ ጉማጁ ሄዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። አያ ጥሩነህ ጉማጁን አንስተው አገላበጡ። የአማቴ ሦስት ጥይቶች መሐሉ ላይ፣ በአንድ መዳፍ የሚከደን ቦታ ላይ ተሰክተዋል።

«መትተኸዋል፣ ደምሴ» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ያልወደቀ አይቆጠርም» አሉ አማቴ። «ደንቡ ያው ነው። ረተሃል።»

ከሰዓት አማቴ ቤት ጠላ ቀረበ። አያ ጥሩነህ እዚያ ቤት ገብተው ሲጠጡ በሃያ ምናምን ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። በማሸነፋቸው ደስ ሊላቸው ሲገባ ፊታቸው ጠቁሯል። ሽጉጣቸውን እያገላበጡ ቆዩና፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ ተነፈሱ።

«እኔ የምለው ደምሴ፣ ይችን ለምን ተውክልኝ? ቡሬ ያለው ሰውዬ፣ 'ኃይለኛዋን እኮ እሳቸው ወደዋት ነበር፣ መምህሩ ነው ያስተዋቸው። ለምን ብዬ እንዳልጠይቀው ፈራሁት' አለኝ።»

አማቴ ዋንጫቸውን መደቡ ላይ አኖሩት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ብረቷ ላይ የተጻፈው ምን ነበር?»

ልዋሽ አሰብኩ። አልቻልኩም። «ጉልበት ያላት ናት ነው የሚለው፣ አባባ።»

«ታዲያ?»

«አያ ጥሩነህን... ሊገድሉበት መስሎኝ።»

አያ ጥሩነህ ጠላውን ተፉት። ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ጋቢያቸው እስኪወልቅ ሳቁ። «እኔን?» ይላሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። «እኔን ገድሎ ከማን ጋር ሊኖር?»

አማቴ አልሳቁም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መሬት መሬቱን አዩ። ውባለም ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እሷም አልሳቀችም።

«ዋስ ስትሆነኝ» አሉ አማቴ በመጨረሻ፣ «ያመንከኝ መስሎኝ ነበር።»

በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ከማስተምራቸው ተማሪዎች እስከ ሚስቴ፣ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም፤ እንደዚያ ዕለት ያፈርኩበት ቀን ግን የለኝም።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን አውራጃ ሄድን። አማቴ ለካድሬው «ዋስ ልቀይር ነው» አሉት። ምክንያቱን ቢጠይቃቸው «ልጁን አስጨነቅሁት፣ እንቅልፍ ይተኛ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። አዲሱ ዋስ ሊቀመንበር ጥሩነህ ናቸው። ካድሬው ማኅተማቸውን ያውቀዋል፣ አልተቃወመም። ያን የፈረምኩበትን ቅጽ አውጥቶ ከስሜ ግርጌ ያለውን ዝምድና የሚል ቦታ እያሳየ ጠየቃቸው።

«እርስዎ ለአቶ ደምሴ ምናቸው ነዎት?»

«ባላንጣ» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ጎረቤት ልበለው?»

«ጎረቤትስ ሞልቶታል። ባላንጣ ብለህ ጻፍ።»

ካድሬው ወደ አማቴ ተመለከተ። አማቴ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። «አማች» የሚለውን ቃል ሰረዘና ከበላዩ «ባላንጣ» ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት። በእነዚያ ዓመታት ብዙ የመንግሥት ወረቀት አይቻለሁ፤ አንድም ውሸት ያላገኘሁበት ግን እሱ ብቻ ነው።